መጥረጊያ የያዙት እናት

ባለፈው ሳምንት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ፣ «ካላጠናህ እንደ እሳቸው መንገድ ስትጠርግ ትኖራለህ» አልኩት። ጣቴን የቀሰርኩባቸው እናት ቀና ብለው አዩኝ። ሰምተዋል። ምንም አልተናገሩም፤ አቧራው እንዳይነካን መጥረጊያቸውን ገታ አድርገው አሳለፉን።

ማታ እንቅልፍ ቢያሻፍረኝ የማህተማ ጋንዲን የሕይወት ታሪክ አነሳሁ። እ.ኤ.አ. በ1898 ጋንዲ ደርባን ውስጥ ጠበቃ ነበር። ጸሐፊዎቹ አብረውት ያድራሉ፤ ሌሊት የተጠቀሙበትን ፖፖ የሚደፉት ጋንዲና ባለቤቱ ካስቱርባ ናቸው። አንድ ቀን «አይነኬ» ከሚባሉት ወገኖች የተወለደ አዲስ ጸሐፊ መጣ። ካስቱርባ የእሱን ፖፖ እያለቀሰች ይዛ ወረደች። ጋንዲ ግን መድፋቷ አልበቃውም፣ ደስ ብሏት ካልሠራች ብሎ ጮኸባት። ሲብስበት እጇን ይዞ ወደ ውጭው በር ጎተታት። ዘመድ በሌለኝ አገር ወዴት ልሂድ፣ አታፍርም ወይ ስትለው ነው የነቃው። አፍሮ በሩን ዘጋ። (እኔ በዚህ ጠብ ከካስቱርባ ጋር ነኝ።)

ጋንዲ የሚወደው ባጋቫድ ጊታ፣ ዋጋውን ሳያስቡ የሚሠሩት ሥራ ወደ ፈጣሪ የሚያደርስ መንገድ ነው ይላል። ካርማ ዮጋ ይሉታል። በቫራናሲ ከተማ ሸማኔው ካቢርና ቆዳ ሠራተኛው ራቪዳስ ከሙያቸው ሳይለዩ ለፈጣሪ ዘምረዋል፤ ዛሬም እንደ ቅዱሳን ይከበራሉ። ይህን ያስተማረች አገር ግን መጸዳጃ ማጽዳትን ከአባት ወደ ልጅ ለሚተላለፍ ወገን ትታው ኖራለች። እኛስ ሸማኔውንና ፋቂውን ምን ስንል እንደኖርን አያቶች ታውቃላችሁ። ጋንዲ ኋላ አሕመዳባድ አጠገብ በሳባርማቲ ባቋቋመው መኖሪያ፣ መጸዳጃ ቤት ማጽዳት የነዋሪው ሁሉ ተራ ሆነ፤ የእሱም ጭምር።

በእኛ ቤት ይህ ሥራ የሠራተኛችን ነው። ቅዳሜ መፋቂያውን ለልጄ ሰጥቼ፣ «ዛሬ አንተና እኔ ነን» አልኩት። ዐይኑ እንባ ሞላ።

«አባዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጎንበስ ብዬ ጀመርኩ፤ ቆይቶ እሱም መጣ።

ሰኞ ጠዋት እኚያ እናት እዚያው ቦታ ነበሩ። ልጄ ቀድሞኝ «እንደምን አደሩ» አላቸው። እኔ ገና ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።