«ጫጫታ ነው» ለሚሉን የተሰጠ መልስ



ባለፈው ቅዳሜ ማታ እናቶቻችን ቡና ላይ ሲያንጎራጉሩ በስልክ ለመቅዳት ስንነሣ፣ አንድ ወንድማችን «ጄኔሬተር እየጮኸ፣ ሕፃን እያለቀሰ የሚቀዳ ነገር ጫጫታ እንጂ ዘፈን አይደለም፤ አገራችን ስንገባ በስቱዲዮ በጥራት ይቀዳል» ሲል ተከራከረ። ብዙዎች አጨበጨቡለት። ቀረጻውም ቀረ። እኛ ግን እንኳን ልናጨበጭብ፣ ዝም ብለን ለማለፍም ኅሊናችን አልፈቀደልንም።

ለመሆኑ መሐመድ ዋርዲን የማያውቅ በመካከላችን ይገኛልን? ካርቱም ደይም ሠፈር የኖርን ሁሉ ከሻይ ሻጯ ዘንድ በተቀመጥን ቁጥር ድምፁን ሰምተናል። ዋርዲ በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኑብያ ምድር ተወለደ። ሙያው እንደኛው መምህርነት ነበር፤ በ1957 በኦምዱርማን ሬዲዮ መዝፈን እስኪጀምር ድረስ ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳ ፊት ቆሟል። ለ1964ቱ የጥቅምት አብዮት ዘፈነ፤ በኒሜሪ ዘመን ታሰረ፤ በ1989 በሽር ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ እንደኛው ተሰደደ።

ታዲያ ይህ ስደተኛ «አገሬ ስገባ» ብሎ አፉን ዘጋን? አልዘጋም! በ1990 ጋምቤላ፣ ኢታንግ ካምፕ ድረስ ሄዶ ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ዘፈነ። በ1994 አዲስ አበባ ላይ በሕዝብ ፊት ቆመ። ያ ዝግጅት ተቀድቶ «ላይቭ ኢን አዲስ አበባ 1994» በሚል ስም በሲዲ ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ዘፋኙ ኮጃሊ ዑስማን ኦምዱርማን በሙዚቀኞች ክበብ በጩቤ ተወግቶ ተገደለ። ዋርዲ አገሩ የገባው በ2002 ነው፤ ያውም ኩላሊቱን ታሞ። ያ ቀረጻ «ለጥራት» ሲባል ስምንት ዓመት ቢጠብቅ ኖሮ፣ የ1994ቱን ድምፅ ማን ይመልሰው ነበር? ያን ዕለት የተሰበሰበውን ሕዝብስ ማን እንደገና ይሰበስበው ነበር?

«ቤተ መዛግብት ይጠብቅልናል» የሚል ካለም ኦምዱርማንን ያስታውስ። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሣ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ግቢው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ወደቀ፤ ሠራዊቱ ያስመለሰው በመጋቢት 2024 ነው። ይህን ያህል ጊዜ የአንድ አገር ድምፅ በተኩስ መካከል ከረመ። በየሰው ቤት የተበተነ ቅጂ ግን በአንድ ሕንፃ መውደቅ አይጠፋም። የራሳችንንም ጥፋት አንደብቅ፤ ከካርቱም ስንሸሽ ዲፕሎማችንን በጉያችን ሸጉጠን ካሴቶቻችንን ትተን ወጣን። ዛሬ ዲፕሎማው አለ፤ የእናቶቻችን ድምፅ ግን የለም።

እርግጥ ነው፣ ቃሉ የማይሰማ ቀረጻ አይጠቅምም። በዚህ ወንድማችን እውነት አለው። መፍትሔው ግን መተው አይደለም! እናቶቻችንን እናስፈቅድ፤ ስልኩን ከምታንጎራጉረው እናት አጠገብ እናድርግ፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ እንጀምር፤ ከዘፈኑ በፊት ቀኑንና ቦታውን በቃል እንናገር፤ በማግሥቱም በሦስት ሚሞሪ ገልብጠን በሦስት ድንኳን እናስቀምጥ። ሕፃኑ ያልቅስ! ነገ አድጎ ልቅሶውን ሲሰማ የት እንዳደገ ያውቃል። ከዚህ የበለጠ የታሪክ ትምህርት እኛ መምህራኑ ልንሰጠው አንችልም።

ይህች ጽሑፍ በእጅ እየተገለበጠች ከድንኳን ድንኳን ትዞራለች። የእጅ ጽሕፈቷ ተንጋዷል፣ ወረቀቷ ተጨማዷል ብሎ ሳያነብ የመለሳት እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። ለዓይናችን ያልጠየቅነውን ጥራት ለጆሯችን ስለምን እንጠይቃለን?

በመጪው ቅዳሜ ስልካችንን ቻርጅ አድርገን እንመጣለን። ተከራካሪያችንም ይምጣ፤ ሲያጨበጭብ አብረን እንቀዳዋለን።