«እሺ» ብቻ የሚሰማ ሰው

በዚህች ወረቀታችን ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርትና ስለ ጤና ነው። እኔ ዛሬ ስለ ፖለቲከኞች ልጽፍ ነው። «አንቺን ደግሞ ፖለቲካ ምን አገባሽ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ለምን እንደሚያገባኝ ትረዱኛላችሁ። ዓመቱን የምጽፈው በፈረንጆች ነው፣ ሊባኖስ ውስጥ ሁላችንም የምንቆጥረው በሱ ስለሆነ።

በ2021 በጋ ላይ የምሠራበት ቤት ቤይሩት ውስጥ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ የመንግሥት መብራት በቀን አንድ ወይ ሁለት ሰዓት ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። የቀረውን የምንኖረው በኢሽቲራክ ነበር። እሱም ናፍጣ ሲጠፋ ቀጥ ይላል። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱም ይቆማል፣ የመጠጥ ውሃውን ስምንት ፎቅ በደረጃ ተሸክሜ የማወጣው እኔ ነኝ።

አንድ ማታ ሚስተር የፓርላማ አባል እራት ጋበዘ። ስሙን አልጠራም። ሰውዬው ሲገባ ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። ቀልድ ሲጀምር ገና ሳይጨርስ ይስቃሉ። እራቱ መሀል ላይ መብራቱ ድርግም አለ። ማዳም ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችው። ልብ በሉ፣ የመብራቱ ነገር የሚመለከተው እሱን ነው፣ ይቅርታ የጠየቀችው ግን እሷ ናት። እሱም «ለራሳችሁ ትልቅ ጄኔሬተር ለምን አታስገቡም?» አለ። ቀኑን ሙሉ መንግሥትን ሲረግም የሚውለው ሚስተር «ትክክል ብለዋል» አለው።

ሲሄድ ሊፍት የለም። የስልኬን መብራት ይዤ ስምንት ፎቅ እንዳወርደው ታዘዝኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብሎ እያለከለከ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እህቶቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። «አይ፣ አልፎ አልፎ ነው» አልኩት። ጀሪካን ተሸክሜ በዚያው ደረጃ የወጣሁት እኮ የዚያኑ ቀን ጠዋት ነበር! ያ ሰው በዚያ ማታ አንዴ እውነት ጠየቀ፣ የጠየቀውም እኔን ነው፣ እኔም እንደ ሌሎቹ የሚጥመውን ነገር ነገርኩት። ታች መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ቀዝቃዛ አየሩ እየነፈሰ ይጠብቀው ነበር። ገብቶ ሄደ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ነገር በአእምሮዬ ይመላለሳል። እነዚህ ሰዎች የሕዝቡን ኑሮ የማያውቁት ልባቸው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሀብታም ስለሆኑ ብቻም አይደለም። ለብዙ ዓመት «እሺ» እንጂ ሌላ ቃል ስላልሰሙ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ «ልክ ነዎት» ከተባለ ልክ የሆነ ይመስለዋል።

እስቲ የሊባኖስን ትልልቅ ሰዎች እንቁጠር። ናቢህ ቤሪ የፓርላማው አፈ ጉባኤ የሆነው በ1992 ነው። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ያን ጊዜ አልተወለድንም። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ሪያድ ሰላሜ የማዕከላዊ ባንኩን ከ1993 እስከ 2023 ሠላሳ ዓመት መርቷል። ሲሞገስ፣ ሲሸለም፣ የሊራ ጠባቂ ሲባል ኖሮ ሊራው እጁ ላይ ወደቀ። በ2024 በገንዘብ ምዝበራ ተጠርጥሮ ታሰረ። ነጂብ ሚቃቲ ከአንድ ጊዜ በላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፣ ሀብቱ በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል። የመጣው ደግሞ ከትሪፖሊ ነው፣ እዚህ ጣራብሉስ ከሚሏት። እዚያ የሠራችሁ ታውቃላችሁ፣ ከአገሩ ሁሉ ድሃ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት።

ሕዝቡ ለምን ዝም አለ? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ የጦር አለቆች ሱፍ ለብሰው ሚኒስትር ሆኑ። እያንዳንዱ ሃይማኖትና ሰፈር የራሱ ዛዒም አለው። ሆስፒታል አልጋ ከፈለግህ በሱ ነው፣ ልጅህ ሥራ እንዲገባ ከፈለግህ በሱ ነው። ዋስጣ የሚሉት ይሄን ነው። እንጀራህ በሰውዬው እጅ ካለ እንዴት ትጠይቀዋለህ? ፎቶውን ሳሎን ላይ ትሰቅላለህ። እኛም እኮ ይሄን በደንብ እናውቀዋለን። ፓስፖርታችን፣ መኖሪያ ፈቃዳችን፣ ደመወዛችን በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ምን እንላለን? «እሺ ማዳም» ነው የምንለው። የነሱ ዛዒምና የኛ ከፊል ልዩነታቸው ለኔ ብዙ አይታየኝም።

«እሺ» ሰውን እንዴት እንደሚያሳውር በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁ። ደመወዜ በወር 200 ዶላር ነበር። ማዳም ግን የምትከፍለኝ በሊራ፣ በአሮጌው በ1500 ሂሳብ፣ 300,000 ሊራ ነው። በ2020 በጋ ዶላር ውጪ 8,000 ሊራ ሲገባ የኔ 300,000 ወደ 37 ዶላር ወረደ። ለስድስት ወር ያህል «እሺ» እያልኩ ተቀበልኩ። ማታ ማታ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን ግን እናቴ ታማ ስለነበር አፌን ከፈትኩ፣ ወረቀት ላይ ሂሳቡን ሠርቼ አሳየኋት። ማዳም ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ደስ ብሎሽ የምትሠሪ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ተናድጄ ነበር፣ እንዴት አታውቂም ብዬ። በኋላ ሳስበው ግን እውነቷን ሊሆን ይችላል። ስድስት ወር ሙሉ ፈገግ ብዬ ነበር የምቀበላት። ሙሉውን አልከፈለችኝም፣ ግን ከዚያ ወር ጀምሮ ግማሹን በዶላር መስጠት ጀመረች። ባልናገር ኖሮ 37 ዶላሬ ነበር።

አሁን አገሪቱን አስቡት። ኦክቶበር 17፣ 2019 መንግሥት በዋትሳፕ ጥሪ ላይ በቀን 20 ሳንቲም፣ በወር እስከ 6 ዶላር ሊያስከፍል ነው ተባለ። ለሚኒስትሮቹ 6 ዶላር ምንም አይደለም፣ ጠረጴዛቸው ዙሪያ በ6 ዶላር የሚቸገር ሰው የለም። ልጁ ውጪ አገር ላለ ድሃ ግን ዋትሳፕ ማለት የልጅ ድምፅ ነው። የዚያኑ ማታ መንገዱ በሰው ሞላ። መንግሥት ሐሳቡን የዚያኑ ቀን ቢያነሳም ሰው ቤቱ አልገባም። «ኩሉን ያዕኒ ኩሉን» ይሉ ነበር፣ ሁሉም ማለት ሁሉም። እኔ ከበረንዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ማዳም በረንዳው ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ያስደነገጣት ጩኸቱ ሳይሆን የራሷን ዛዒም ስም ሲጠሩ መስማቷ ነው። ከሁለት ሳምንት በታች በሆነ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳድ ሃሪሪ ሥራውን ለቀቀ።

ግን የሠላሳ ዓመት ዝምታ ዋጋው በአንድ ጩኸት አይከፈልም። ባንኮች የሰውን ዶላር ያዙ። የዓለም ባንክ በ2021 ቀውሱን ከ1850ዎቹ ወዲህ ዓለም ካየቻቸው ከባድ የኢኮኖሚ ቀውሶች ከአሥሩ፣ ምናልባትም ከሦስቱ አንዱ ነው አለ። ኦገስት 4፣ 2020 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት እዚያ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ ስለሱ የተጻፈ ደብዳቤም ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ከነሱም ውስጥ እንደኛ ለሥራ የመጡ ነበሩ። በማግስቱ መስታወቱን የጠረጉት ወጣቶች ናቸው። አንድ ሚኒስትር ከቀናት በኋላ መጥረጊያ ይዞ ቢመጣ ጮኸውበት አባረሩት። ዳኛው ለምርመራ ከጠሯቸው የቀድሞ ሚኒስትሮች ሁለቱ ደግሞ በ2022 ምርጫ ተመልሰው ፓርላማ ገቡ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚባለው በኛ አገር ብቻ አይደለም ለካ።

የከፈለው ማነው? ከሁሉ በታች ያለው ነው። በ2020 ማዳሞች ዶላር አጣን እያሉ እህቶቻችንን በመኪና አምጥተው፣ ከነሻንጣቸው ሐዝሚየህ የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው ሄዱ። አስፋልት ላይ ያደራችሁ ይሄን የምታነቡ አላችሁ። ባለሥልጣን ሕዝቡን ሳያይ ይወስናል፣ ሕዝቡ እኛን ሳያይ ይወስናል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የሥራ ሚኒስትሯ ለቤት ሠራተኛ አዲስ ኮንትራት አወጣች፣ ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ እንድትችል የሚል ነበረበት። ኤጀንሲዎቹ ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱ ወዲያው በኦክቶበር አገደው። የሠራተኛ ሕጉ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ኤጀንሲዎቹ ድምፃቸውን አሰሙ፣ ተሰሙ። የኛ ድምፅ ግን እዚያ አልደረሰም።

አንዳንዶቻችሁ «ዝም አይነቅዝም» ትላላችሁ። እናቴም እንዲህ ብላ ነው የላከችኝ። ቤት ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ፣ በሩ ተቆልፎብሽ፣ ፓስፖርትሽ ተይዞ ከማዳም ጋር ተጨቃጨቂ እያልኩ አይደለም። እሱ አደጋ አለው፣ መጀመሪያ ራስን ማዳን ይቀድማል። በ«እሺ» የምትኖረውን እህቴን አልፈርድባትም፣ እኔም ኖሬበታለሁ። ግን «እሺ» ማለት ግዴታ ባልሆነበት ቦታስ? የኛው ሰው ባለሥልጣን ለስብሰባ ሲመጣ ማን አስገደደን? እንነሳለን፣ እናጨበጭባለን፣ እልል እንላለን፣ ፎቶ ለመነሳት እንጋፋለን። ፓስፖርት ለማደስ ስንት ወር እንደምንጠብቅ የሚጠይቅ ሲነሳ «አታሳፍሪን፣ ተቀመጪ» የምንለው እኛው ነን። ሰውዬው ጥሩ አቀባበል አደረጉልኝ፣ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። ምን ይበል ታዲያ?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። የቡድናችንን መዋጮ ደብተር ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በየወሩ የምታዋጡት 5 ዶላር ለታመመች፣ ለቲኬት፣ እግዚአብሔር አይበለውና አስከሬን ለመላክ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ደብተሩን አሳዪን ያለኝ ሰው አልነበረም። «እሷ እኮ ታማኝ ናት» ትላላችሁ፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ወር አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «ሣጥኑ ውስጥ አሁን ስንት ብር አለ?» አለች። ፊቴ ጋለ። «አታምኚኝም እንዴ?» አልኳት። እናንተም በዓይናችሁ ገረመማችኋት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፣ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ የፓርላማ ሰውዬ፣ ደረጃው ላይ እያለከለከ የጠየቀኝ፣ ፊቱ ትዝ አለኝ። ለሱ የወሰደበት ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ነው፣ እኔ ግን በሦስት ዓመት ብቻ ስጠየቅ የተደፈርኩ መሰለኝ። ተነስቼ ደብተሩን ከመጀመሪያው ደመርኩት። 40 ዶላር አልገጠመልኝም። የሰው ገንዘብ አልነካሁም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። የሁለት እህቶችን የአራት ወር መዋጮ ተቀብዬ ሳልጽፍ ቀርቼ ኖሯል፣ ገንዘቡ ሣጥኑ ውስጥ ተገኘ። ግን ሳይጻፍ ቀርቶ እነዚያ ሁለቱ ቢታመሙ «አላዋጣችሁም» ልላቸው ነበር። ልጅቷ ባትጠይቅ ኖሮ አላውቀውም ነበር።

ስለዚህ ልጅቷን በዚህ ወረቀት ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ስብሰባ ላይም ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ። ለሁላችሁም ደግሞ ሦስት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ ሂሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ማንበብ ለማትችለውም እንዲሰማት። ሁለተኛ፣ ደብተሩን አንዷ፣ የሣጥኑን ቁልፍ ሌላዋ ትያዝ፣ እኔንም ሰብሳቢያችንንም ጨምሮ በየዓመቱ ሰው ይቀየር። ሰብሳቢያችንን እንደ ታላቅ እህቴ አከብራቸዋለሁ፣ ይሄንንም ከመጻፌ በፊት ነግሬያቸዋለሁ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልክ ነሽ» አሉኝ። ሦስተኛ፣ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ አዲስ የመጡት ይናገሩ፣ እኛ የቆየነው ከተናገርን በኋላ እነሱ ያፍራሉ።

የሊባኖስን ዛዒሞች እኛ አናወርድም። የኛን አገር ሹሞችም ከዚህ ሆነን አንቀይራቸውም። ግን ሰውን መጠየቅ መድፈር እንዳልሆነ፣ መጠየቅም ነውር እንዳልሆነ እዚሁ፣ በ5 ዶላራችን ላይ መልመድ እንችላለን። አገራችን ስንገባ ልምዱን ይዘነው እንገባለን፣ በቀበሌም በዕድርም ይጠቅመናል።

የፊታችን እሁድ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ። እናንተም ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፣ ከኔ ጀምሩ።

ቸር ሰንብቱ።

እህታችሁ፣ ከቤይሩት