የእናቶችን ንቅሳት ለሚነቅፉ የተሰጠ መልስ

በጎንደርና በወሎ፥ በጎጃምና በትግራይ ያሉ እናቶች በግንባራቸው የተነቀሱትን መስቀል፥ በአንገታቸውም ያስደረደሩትን ንቅሳት የአረማዊ ሥራ ነው እያሉ የሚሰብኩ ሰዎች ተነሥተዋል። ምስክራቸውም ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቍጥር 28 ነው። ንባቡን ይዘዋል፤ ምሥጢሩ ግን አልተገለጠላቸውም። ቍጥሩ ንቅሳትን የሚያነሣው ስለ ሞተ ሰው ሥጋን ከመተልተል ጋራ አያይዞ ነውና። ይህን ትርጓሜ አንቀበልም ቢሉ ግን አንድ ቍጥር ወደ ኋላ ተመልሰው 27ኛውን ያንብቡ፤ የጢምን ዳር መላጨት ይከለክላል። 19ኛው ደግሞ ከሁለት ዓይነት ክር የተሠራ ልብስ መልበስን ይከለክላል። እንግዲህ ጢሙን በየጧቱ እየተላጨ፥ ሱፍና ጥጥ የተቀላቀለበት ኮት ለብሶ የባልቴቲቱን ግንባር የሚከስ ሰው በየትኛው ሕግ ይፈርዳል?

ነቃሺቱ ጥቀርሻ በጥብጣ በመርፌ ወይም በእሾህ የምትወጋው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድም ለሃይማኖት ምልክት ነው፤ የአንገት ማተብ ይበጠሳል፥ የግንባር መስቀል ግን አይበጠስምና። አንድም ለጌጥ ነው፤ የጠቈረ ድድ ጥርስን አንጥቶ ያሳያል። ጌጥ መሆኑስ ምን ነውር አለበት? አንድም ለመድኃኒት ነው፤ አንገት የሚነቀሰው እንቅርትን ያጠፋል ተብሎ ነበር። (በዚህ እንኳ ተሳስተዋል፤ እንቅርት በብዛት የሚመጣ ከአዮዲን ማነስ ነውና የሚከላከለው አዮዲን ያለበት ጨው ነው።) በግብጽ ያሉ የቅብጥ ክርስቲያኖችም ወንድ ሴት ሳይሉ በእጃቸው አንጓ መስቀል ይነቀሳሉ፤ እነዚህ ሰባክያን እነርሱን አረማውያን ሲሉ አልሰማንም።

ዳሩ ግን እንቢ የምትል ሕፃን ጨብጦ ይዞ መንቀስ ግፍ ነው። በአንድ መርፌ ብዙ ልጆችን መውጋትም የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ከደም ወደ ደም ያሻግራል። ይህ ተግሣጽ ለነቃሺቱና ለወላጅ የሚገባ ነው እንጂ፥ በልጅነቷ ሳትጠየቅ የተነቀሰችውን ሴት የሚያሳፍር አይደለም።

በዚህ ነቀፋ ምክንያት ግንባራቸውን በሻሽ የሚሸፍኑ፥ መስቀሉንም በጨረር ለማስጠፋት ገንዘባቸውን የሚያፈሱ ሴቶች አሉ። የከተማ ልጅ ግን በክንዱ ላይ የባዕድ ፊደል አስጽፎ «ታቱ» ሲለው ሥልጣኔ ይባልለታል። መርፌው ያው መርፌ፥ መድማቱም ያው መድማት ነው፤ የተለየው ስሙና የሚከፈልበት ዋጋ ብቻ ነው።

በዐውደ ምሕረት ቆሞ እናቶችን ያሳፈረ ሰባኪ፥ በዚያው ዐውደ ምሕረት ቆሞ ቃሉን ያንሣ።