ብዙ ስም የነበራት መርከብ እና ስሟ ያልታወቀ ጀልባ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 በአሥራ ሁለት ቀናት ልዩነት ሁለት አሮጌ የዓሣ ማስገሪያዎች ሰጠሙ። የመጀመሪያዋ ኤፕሪል 6 ቀን በምዕራብ አፍሪካ፣ በሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ የባህር ክልል ውስጥ ሰጠመች፤ የተሳፈሩባት 40 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። ሁለተኛዋ ኤፕሪል 18 ቀን ሌሊት ከሊቢያ ወደ ጣሊያን ስታቀና ሜዲትራንያን ባህር ዋጣት። ከ800 በላይ ሰዎች ሲያልቁ የተረፉት 28 ብቻ ነበሩ።

ሁለቱን አደጋዎች ያያያዛቸው የለም ማለት ይቻላል። አንዱ የሕገወጥ ዓሣ ማስገር፣ ሌላው የሕገወጥ ስደት ዜና ሆኖ አለፈ። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ጀርባ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። የዓሣ ማስገሪያ መርከብ ወይም ጀልባ ሲያረጅ ወዴት ይሄዳል? ማንስ ይጠየቅበታል?

ከመጀመሪያዋ እንነሳ። «ተንደር»፣ ማለትም «ነጎድጓድ»፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌይ ውስጥ የተሠራች መርከብ ነበረች። በአርባ አምስት ዓመት ዕድሜዋ ቬስተርቮን፣ አርክቲክ ሬንጀር፣ ሩቢን፣ ታይፉን፣ ኩኮ እየተባለች ስሟን በተደጋጋሚ ቀይራለች። ባንዲራዋም እንዲሁ የእንግሊዝ፣ የሲሼልስ፣ የቤሊዝ፣ የቶጎ፣ የናይጄሪያ ሆኗል። በአንድ ወቅት የሞንጎሊያን ባንዲራ ሳይቀር አውለብልባለች። ሞንጎሊያ እንደ እኛው የባህር በር የሌላት አገር መሆኗን ልብ ይሏል። መርከቧ በዚህ መልኩ ማንነቷን እየለወጠች በደቡብ ዋልታ ባህር በውድ የሚሸጠውን ቱዝፊሽ የተባለውን ዓሣ ያለ ፈቃድ ታጠምድ ነበር።

ኢንተርፖል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ማሳሰቢያ አወጣባት። ከአንድ ዓመት በኋላ «ሲ ሼፐርድ» የተባለው የባህር ጥበቃ ድርጅት መርከብ «ቦብ ባርከር» አግኝታት ለ110 ቀናት አሳደደቻት። የሚገርመው አሳዳጇም የኋላ ታሪክ ያላት መሆኗ ነው። ይህችው የዓሣ ነባሪ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1950 ኖርዌይ ውስጥ የተሠራችው ለዓሣ ነባሪ አደን ነበር። አሮጌ መርከብ በገዛው ሰው እጅ እንደገና ይወለዳል፤ ለመልካምም ለክፉም።

ተንደር ስትሰጥም ከአሳዳጆቿ መካከል የተወሰኑት ወደ ውስጧ ዘልቀው ሰነድና ማስረጃ አወጡ። የሳኦ ቶሜ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በካፒቴኑና በሁለት መሐንዲሶቿ ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ አስተላልፎ ከ15 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቅጣት ጣለ።

አሮጌ መኪና የገዛ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ታርጋ ይቀየራል፣ ቀለም ይቀየራል፣ ሊብሬ ከስም ወደ ስም ይዛወራል። የሻንሲ ቁጥር ግን ከብረቱ ጋር የተወለደ ነው። በባህር ላይ ባንዲራ ማለት ታርጋ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ የዓለም አቀፉ የባህር ድርጅት መለያ ቁጥር ነው። ተንደር ይህ ቁጥር ስለነበራት ስሞቿን ሁሉ ከአንድ መርከብ ጋር ማያያዝ ተችሏል።

ችግሩ ይህ ቁጥር ለትላልቅ የንግድ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ግዴታ ሲሆን፣ የዓሣ ማስገሪያዎች ከደንቡ ውጭ ተደርገው መቆየታቸው ነው። ድርጅቱ ይህንን ገደብ ያነሳው በ2013 መጨረሻ ነው፤ ያውም 100 ቶንና ከዚያ በላይ ለሆኑት። በ2017 ደግሞ ከ12 ሜትር ጀምሮ ያሉና ከአገራቸው የባህር ክልል ውጭ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ባለሞተር ጀልባዎች ቁጥሩን ማግኘት እንዲችሉ ፈቀደ። በባሕር ዳርቻ የምትሠራው ጀልባ ግን በየአገሩ መዝገብ ላይ ተጥላለች።

ሁለተኛዋ ጀልባ የምትመጣው ከዚህ ክፍተት ነው። ርዝመቷ ከ20 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ለዓሣ በተሠራው የታችኛው ክፍሏ ሳይቀር ሰው ታጭቆባት ነበር። ለእርዳታ ከመጣው «ኪንግ ጃኮብ» ከተባለው የጭነት መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እንዳስታወቀው ከተሳፋሪዎቹ 350 ያህሉ ኤርትራውያን ሲሆኑ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባት። እኛ ግን በማግስቱ አይኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያንን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ ስለተለቀቀ በዚያ መርዶ ተውጠን ነበር። የጀልባዋ ሙታን በወጉ አልተለቀሰላቸውም።

የጣሊያን ባህር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2016 ጀልባዋን ከ370 ሜትር ጥልቀት አውጥቶ ወደ ሲሲሊ ወሰዳት። በሚላን ዩኒቨርሲቲ የፎረንሲክ ባለሙያዋ ክርስቲና ካታኔዎ የመሩት ቡድን አስከሬኖቹን መርምሯል። ከማሊ የመጣ አንድ ታዳጊ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬቱን በልብሱ ውስጥ ሰፍቶ ይዞ ነበር። ባዶዋ ጀልባ በ2019 በቬኒሱ የሥነ ጥበብ ትርኢት «ባርካ ኖስትራ»፣ «ጀልባችን»፣ ተብላ ቆመች። ዓለም የሚያውቃት በዚህ ስም ነው፤ ከሞተች በኋላ በወጣላት ስም። ካታኒያ ላይ የተካሄደው የፍርድ ሂደትም ያተኮረው በነጂዋና በረዳቱ ላይ ነው። ነጂው 18 ዓመት ተፈረደበት።

አሮጌ ጀልባ ለደላላ የሚመቸው ለምንድን ነው? መልሱ ሒሳብ ነው። ጉዞው መመለሻ የለውም። ስለዚህ የሚፈለገው ርካሽ ነገር ነው። ዓሣው በተመናመነበት ወደብ ደግሞ ሥራ ያጣች ጀልባ ለባለቤቷ ሸክም ናት። ሀብታሞቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት የመርከቦቹን ብዛት ለመቀነስ ሲል፣ መርከቡን ከኅብረቱ ውጭ ወዳለ አገር ለሚያዛውር ባለቤት እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ ድጎማ ይሰጥ ነበር። በጁን 2025 ሥራ ላይ የዋለው የሆንግ ኮንግ የመርከብ አፈራረስ ስምምነትም ከ500 ቶን በታች ያሉትን አይመለከትም።

አውሮፓ የመረጠችው መፍትሔ ጀልባዎቹን ማውደም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው «ኦፕሬሽን ሶፊያ» የደላሎችን የእንጨት ጀልባ ሲያቃጥል፣ ደላሎቹ የባሰ አደገኛ ወደሆነው የጎማ ጀልባ መዞራቸውን የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ በ2017 አስታውቋል። አሮጌዎቹም አልጠፉም። በጁን 2023 ከቶብሩክ ተነስታ በግሪክ አቅራቢያ የሰጠመችው «አድሪያና» 750 ያህል ሰው የጫነች አሮጌ የዓሣ ማስገሪያ ነበረች። የተረፉት 104 ናቸው።

እርግጥ ነው፣ ምዝገባ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ድሃው አጥማጅ ነው የሚል ሥጋት አለ፤ ተገቢ ሥጋት ነው። መፍትሔው ግን አጥማጁን ግብር መጫን ሳይሆን፣ ሽያጩ ሲፈጸም ገዥው ማን እንደሆነ በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ ነው። ለአሮጌ መኪና የምናደርገው ይህንኑ ነው። ይህ ስደትን አያስቀርም፤ የስደት ምክንያቱ ያለው እኛው ቤት ነውና። በአንዲት አሮጌ ጀልባ 800 ሰው አጭቆ የሚያተርፈውን ሰው ግን ስም ያለው ተጠያቂ ያደርገዋል። ሬሳዋን ከ370 ሜትር ጥልቀት ማውጣት የቻለ ዓለም፣ ከወደብ ሳትነሳ ማን እንደሸጣትና ማን እንደገዛት ማወቅ አያቅተውም።