የተሳቢው ጎማና በውስጡ ያለው ነፋስ

ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ በአዘዞ በኩል የመጣ አንድ ከባድ መኪና፣ ከነተሳቢው ማክሰኝት አድሮ ጎሕ ሲቀድ ለመነሣት በሚሰናዳበት ጊዜ፣ ረዳቱ የብረት ዘንግ ይዞ ከጎማ ወደ ጎማ እየተዘዋወረ ይመታል፤ በገናውን እንደሚቃኝ ሰው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ድምፁን ካዳመጠ በኋላም «ጋሼ፣ ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ ዘንጉን ወደ ቦታው ይመልሳል። ጆሮ ፈጽሞ የተነፈሰውን ጎማ ከሞላው ለመለየት ስለሚበቃ ይህን ልማድ አልንቀውም፤ ነገር ግን 8 ባር ሊይዝ የሚገባው ጎማ 6 ባር ብቻ ይዞ ቢገኝ ዘንጉ ይህን ሊናገር አይችልም፤ መከራውም የሚመጣው ከዚህችው ከማትሰማው ጉድለት ነው።

ጎማና ጎሚስታ የሚሉትን ቃላት ጣልያን ትቶልን ሄዷል፤ ነፋስ ግን በግእዙ ከነፍስና ከመንፈስ ጋራ የአንድ ግሥ ልጅ ነው፤ ስያሜውም ለዚህ ነገር ይስማማዋል። ሰሊጡን የሚሸከመው ላስቲኩ መስሎ ቢታይም፣ ላስቲኩና በውስጡ የተጠላለፈው ሽቦ ማድጋ ብቻ ሆነው፣ ተሸካሚው በማድጋው የታሰረው ነፋስ ነውና። ነፋሱ ሲጎድል የጎማው ጎን በየዙሩ እየታጠፈና እየተዘረጋ ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ከሽቦው ቀስ በቀስ ካላቀቀ በኋላ፣ ሾፌሩ ምንም ሳይጠረጥር በድንገት ይፈነዳል። የፊት ጎማ ሲጎድል መሪው ወደ አንድ ወገን እየሳበ ያስጠነቅቃል፤ ተሳቢው ግን ከኋላ የሚከተል ዲዳ ነው።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው ቢባል፣ ሰው ሁሉ አንድ ቁጥር ተነግሮት ቢገላገል ይወዳል፤ ልኩን የሚወስነው ግን በእያንዳንዱ አክስል ላይ ያረፈው ሸክም ነው። በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ከፍተኛውን ሸክምና ለዚያ ሸክም የሚያስፈልገውን ነፋስ የሚያመለክት ሲሆን፣ ሸክሙም ጎማው ነጠላ ሲሆንና ጥንድ ሲሆን ይለያያል። ሰሊጡን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ተሳቢ በዚያው በሙሉ ነፋስ ሲነዳ እየዘለለ ይሄዳል፤ የጎማው መሐል ብቻ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም መሬቱን አጥብቆ አይጨብጥም።

ልኬቱም መኪናው ሳይነሣ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ መሆን ይገባዋል። ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ሲጨምር፣ 8 ባር የነበረው ከግማሽ ባር የሚበልጥ ጭማሪ ያሳያል፤ ይህን አይቶ በቀትር በቆላ መንገድ ላይ ነፋስ የሚያስተነፍስ ሾፌር፣ ጎማው ሲበርድ ለራሱ ጉድለትን አዘጋጅቶ ያድራል። (ከደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 1,000 ሜትር ሲወረድ የባር አንድ አሥረኛ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ይህ ግን ከሙቀቱ ጋራ ሲነጻጸር ኢምንት ስለ ሆነ የሚያሳስብ አይደለም።)

እኔ ረዳቱን አልወቅስም፤ የምወቅሰው ባለንብረቱን ነው። የአንድ ጎማ ዋጋ ሲወደድ የሚያማርር ሰው፣ ከዚያ ዋጋ እጅግ ጥቂቱን አውጥቶ የታመነ የነፋስ መለኪያ ለሾፌሩ ሳይሰጥ፣ ተሳቢውን ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ይልከዋል፤ በዚያም የፍሬኑ ትኩሳት በጎማው ትኩሳት ላይ ይደረባል። ለሾፌሩ የመንገድ አበል ሲቈረጥለት መለኪያው አብሮ ይሰጠው፤ ጠዋት ጠዋት የለካውንም በደብተር ይጻፍ፤ ከጥንዶቹም ውስጠኛው ጎማ፣ ጓደኛው ሲጎድል የሁለቱን ሸክም ብቻውን የሚሸከመው እርሱ ነውና፣ እጅ አይደርስበትም ተብሎ አይታለፍ።