ከመስሚያው መሣሪያ በፊት ባለሙያው

ነጋዴ ከባሕር ማዶ የሚያስመጣው ዕቃ ሁሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ጨርቅና እንደ ሚስማር ገዢው ራሱ በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ የሚወስደው ነው። ሁለተኛው ግን በገዢውና በዕቃው መካከል ዐዋቂ ሰው ካልቆመ በቀር ጥቅሙ የማይገኝ፣ አንዳንድ ጊዜም ጉዳት የሚያስከትል ነው። የመስሚያ መሣሪያ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ለዚህ ዕቃ በሚቀርበው ፕሮፎርማ ላይ የመሣሪያው ዋጋ፣ የባትሪው ዋጋ፣ የማጓጓዣውና የመድኑ ሒሳብ በየተራው ሲጻፍ፣ መሣሪያውን ለጆሮ የሚያስማማው ሰው የሚማርበት ወጪ በየትኛውም መሥመር ላይ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተረሳ መሥመር ለንግድ ምክር ቤታችን አባሎች ማሳሰብ ነው።

ባለሙያው ኦዲዮሎጂስት ይባላል። ሥራውም ከአንገት በላይ ሐኪም ሥራ የተለየ ነው። ሐኪሙ በሽታውን በመድኃኒትና በቀዶ ጥገና ያክማል። ኦዲዮሎጂስቱ ግን የመስማትን ኃይል ይለካል፤ ጉድለቱ በየትኛው የጆሮ ክፍል እንደሚገኝ ይለያል፤ መሣሪያውን መርጦ ያስማማል፤ ባለ መሣሪያውንም በአዲሱ አሰማም እስኪለማመድ ድረስ ይከታተለዋል። ሙያው ራሱን የቻለ ትምህርት ለመሆን የበቃው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ነው። በመድፍና በቦምብ ድምፅ ጆሯቸው የተጎዳ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ፣ ሬይመንድ ካርሃርት የተባለው ሊቅ በፔንሲልቬንያ በነበረው በዴሾን የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የመሣሪያውን አመራረጥና የንግግር መስማትን አለካክ በሥርዐት አደራጀ። ከጦርነቱም በኋላ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አስፋፍቶ ብዙ ተማሪዎችን አፈራ።

በዚያ አገር ለረዥም ዘመን ወደ ሙያው የሚገባው በማስተርስ ዲግሪ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኦዲዮሎጂ ዶክትሬት የሚባለው ትምህርት ተጀምሮ፣ ዛሬ የመግቢያው ዲግሪ እርሱ ሆኗል። ተማሪው የመጀመሪያ ዲግሪውን ከጨረሰ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ይማራል፤ ክረምት ከበጋ አስተምረው በ3 ዓመት የሚያስመርቁ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ።

ይህ ሁሉ ዓመት ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ የትምህርቱን ዝርዝር መመልከት ይበቃዋል። በመጀመሪያ የጆሮና የአንጎል አሠራር፣ የድምፅ ፊዚክስ፣ ሰው ድምፅን የሚለይበት ሥርዐት ይጠናል። ቀጥሎ የምርመራው ጥበብ ይመጣል፤ ይኸውም ዝቅተኛውን የሚሰማ ድምፅ ፈልጎ በኦዲዮግራም ላይ መመዝገብ፣ የጆሮ ታምቡር እንቅስቃሴን በአየር ግፊት መለካት፣ ከጆሮ እስከ አንጎል ግንድ የሚሄደውን የነርቭ ምልክት ማንበብ ነው። እጁን አንሥቶ «ሰማሁ» ለማለት የማይችለውን ሕፃን መመርመርም ከዚሁ ይቆጠራል። ዴቪድ ኬምፕ የተባለው እንግሊዛዊ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ራሱ ደካማ ድምፅ እንደሚያወጣ ከገለጸ ወዲህ፣ የተኛን አራስ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ለመፈተን ተችሏል። ከዚህ በኋላ የሚዛን መሳት ምርመራ፣ የመስሚያ መሣሪያ አስተካከል፣ በቀዶ ጥገና በውስጥ ጆሮ ስለሚገባው መሣሪያ፣ ሠራተኛን ከፋብሪካ ጩኸት ስለ መጠበቅ፣ በሽተኛንና ቤተሰቡን ስለ ማማከር ይማራል። የመጨረሻው ዓመት በክፍል ውስጥ መቀመጥ ቀርቶ፣ በሆስፒታልና በክሊኒክ በዐዋቂ ሥር ሆኖ ሙሉ ቀን የሚሠራበት ነው።

ነጋዴ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው የመሣሪያው አስተካከል ነው። መሣሪያው ድምፅን ሁሉ እኩል የሚያጎላ ከሆነ፣ ሰውዬው ደኅና የሚሰማውን ድምፅ ይበልጥ አጉልቶ ያውከዋል፤ ከመጠን ያለፈ ከሆነም የቀረውን መስማት ይጎዳል። ስለዚህ ባለሙያው ቀጭን የማይክሮፎን ቱቦ በጆሮው ቀዳዳ አስገብቶ፣ መሣሪያው ለዚያ ጆሮ በየድምፁ ምን ያህል እንደ ሰጠ ይለካል። ይህ ሳይደረግ የተሸጠ መሣሪያ ብዙ ጊዜ መኖሪያው የጠረጴዛ መሳቢያ ይሆናል። ገዢው ገንዘቡን አጥቶ ይቀራል፤ ሻጩም ስሙን ያጣል።

ሌላም ነገር አለ። ከምርመራው አንዱ ክፍል ቃላትን አሰምቶ ማስደገም ስለ ሆነ፣ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው የቃላት ዝርዝር ተተርጉሞ ለእኛ አይሆንም። በቋንቋችን «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። ቀጭን ድምፆችን መስማት ያቃተው ሰው «ሰባት» ሲባል የመጨረሻይቱ «ት» ብታመልጠው «ሰባ» ብሎ ይሰማል። በገበያ ላይ በ7 ብርና በ70 ብር መካከል ያለውን ልዩነት ለአባሎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዲህ የአማርኛውን፣ የኦሮምኛውንና የሌሎቹን ቋንቋዎቻችንን መፈተኛ የሚያዘጋጀው፣ ሙያውን በሚገባ የተማረ የአገር ልጅ ነው እንጂ ዕቃውን የላከው ፋብሪካ አይደለም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የመጀመሪያው፣ አሜሪካ ራሷ ከጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመስሚያ መሣሪያ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ በሱቅ እንዲሸጥ ፈቅዳለች የሚል ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፈቃዱ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ጉድለታቸውም ቀላል ወይም መካከለኛ ነው ብለው ለሚያስቡ ብቻ ነው። ለሕፃናትና ብርቱ ጉድለት ላለባቸው አልተፈቀደም። ደግሞም የጆሮ ኩክ ብቻ የደፈነውን ሰው ከኩኩ ማጽዳት እንጂ መሣሪያ መሸጥ አይገባም። መስማቱ በአንድ ጆሮ በኩል ብቻ የደከመ ሰውም በነርቩ ላይ እባጭ ይኖርበት እንደ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል። ይህን የሱቅ ሻጭ አይለየውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ጥቂት ወር የሚፈጅ ሥልጠና ይበቃል የሚል ነው። በአጭር ጊዜ የሠለጠነ ረዳት ተማሪዎችን በየትምህርት ቤቱ ለይቶ ለመላክ፣ የጆሮ ቅርጽ ለመውሰድ፣ መሣሪያ ለማጽዳት እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን ረዳት ማለት የሚረዳው አለቃ ያለው ነው። አለቃው ሳይኖር ረዳቱን ብቻ ማብዛት፣ አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳሉት ይሆናል።

መንገዱ የአሜሪካው ብቻ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሕንድ በ1965 (እ.ኤ.አ.) በማይሶር ከተማ የመላው ሕንድ የንግግርና የመስማት ተቋምን አቋቁማለች። በዚያ አገር ሥርዐት የመጀመሪያው ዲግሪ ከተግባር ልምምዱ ጋር 4 ዓመት፣ ከእርሱ በላይ ያለው የማስተርስ ትምህርት 2 ዓመት ይፈጃል። በደቡብ አፍሪካም ኦዲዮሎጂስት የሚወጣው በ4 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ሲሆን፣ ተመራቂው 1 ዓመት በመንግሥት ጤና ድርጅት ሕዝብን ያገለግላል። እነዚህ አገሮች በኑሮም በችግርም ለእኛ የቀረቡ ስለ ሆኑ፣ ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ተስማሚ መስለው ይታዩኛል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ልዩ ልዩ የመስማት ጉድለት እንዳለበት፣ ከዚህም ውስጥ 430 ሚሊዮን ያህሉ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ገልጿል። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች መካከል ከመቶ 93ቱ ለ1 ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ኦዲዮሎጂስት እንኳ የላቸውም። ለዚህ አገልግሎት የዋለ 1 ዶላር ወደ 16 ዶላር የሚጠጋ ጥቅም ይመልሳል ተብሎም ተገምቷል። ፋብሪካ ያላቸው አባሎቻችንም ያስቡበት፤ በሚያገለግለው ልማድ መሠረት ሠራተኛ በ85 ዴሲቤል ጩኸት ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት አይገባውም፤ ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። የሸማና የብረታ ብረት፣ የወፍጮና የጣውላ ሥራ ያለበት ሁሉ ይህን የሚለካለት ዐዋቂ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የመስሚያ መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ከትርፉ ላይ ለትምህርት የሚሆን ድርሻ እየለየ ያስቀምጥ፤ ከውጭው ፋብሪካ ጋር ሲዋዋልም ከዋጋ ቅናሽ ይልቅ የነፃ ትምህርት ዕድል ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ነጋዴ ብቻውን የሚከብደውን ወጪ ምክር ቤታችን ከብዙ አባሎች አሰባስቦ፣ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ጋር በመመካከር ተማሪዎችን ይላክ፤ ተመላሾቹም በአገር ውስጥ እንዲያስተምሩ በውል ይሰር። ሦስተኛ፣ ተማሪው ተመልሶ ሥራ እንዳያጣ፣ የመለኪያው መሣሪያና ጩኸት የማያስገባው የመመርመሪያ ክፍል አስቀድሞ ይዘጋጅለት።

መሣሪያ ለማስመጣት ወራት ይበቃሉ። ባለሙያን ለማድረስ ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ። እንግዲህ ቀድሞ መጀመር ያለበት ብዙ ጊዜ የሚወስደው ነውና፣ የሚመለከታቸው ሁሉ የዘንድሮውን በጀት ከመዝጋታቸው በፊት ጉዳዩን እንዲመክሩበት በትሕትና እጠይቃለሁ።