የሒሳብ ፈተና እርማትና ርትዕ

በድርሰት ወይም በታሪክ ፈተና ላይ የአራሚው ዝንባሌ፣ ድካምና የዕለቱ ስሜት የተማሪውን ነጥብ ከፍና ዝቅ ሊያደርገው እንደሚችል አምኖ የሚቀበል ሰው እንኳ፣ ወደ ሒሳብ ሲመጣ ግን እውነቱ አንድ፣ መልሱም አንድ ነውና በእርማቱ አድልዎም ሆነ ስሕተት ሊገባበት አይችልም ብሎ ተማምኖ መቀመጡ በወላጆች፣ በተማሪዎች፣ አልፎ አልፎም በመምህራን ልቡና ውስጥ ሥር ሰድዶ የኖረ ነገር ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መልሱ አንድ መሆኑ የማይካድ ቢሆንም፣ ወደዚያ መልስ የሚያደርሰው መንገድ ብዙ፣ ተማሪው የሚሰናከልበትም ስፍራ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ ልጁ እስከ የት ድረስ በትክክል እንደ ተጓዘ መርምሮ ለድካሙ የሚገባውን መስጠት እውነተኛ የዳኝነት ሥራ ነው፤ ዳኛም ያለ ሕግ በልቡ ፈቃድ ብቻ ሊፈርድ አይገባውም።

ነገሩ ከተመረመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍራንሲስ ኤጅወርዝ የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ሊቅ፣ ሥነ ከዋክብትን የሚመረምሩ ሰዎች የልኬታቸውን ስሕተት በሚያሰሉበት ጥበብ የፈተናን ነጥብ መርምሮ፣ በነጥቡ ውስጥ የዕድል ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማሳየት ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊየት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ አንድ ተማሪ የሠራውን አንድ የጂኦሜትሪ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራን ላኩት፤ ከመቶ የሚበልጡ መምህራንም አርመው በመለሱላቸው ጊዜ፣ ለዚያው ለአንዱ ወረቀት ከመቶ ከ30 በታች የሰጠ እንደ ነበረ ሁሉ ከ90 በላይ የሰጡም ተገኙ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናን በዚሁ መንገድ መርምረው ስለ ነበረ፣ በቁጥር የሚሠራው ትምህርት በቃላት ከሚሠራው ይልቅ ለዳኝነት የቀለለ እንዳልሆነ የዚያን ጊዜ ተገለጠ።

ከዚህ ይልቅ ልብን የሚነካው ግን ፊሊፕ ሃርቶግና ሮድስ የተባሉ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1935 በእንግሊዝ አገር ያሳተሙት ምርመራ ነው፤ ምንም እንኳ ፈተናው የታሪክ ቢሆን። ዐሥራ አራት አራሚዎች ዐሥራ አምስት ወረቀቶችን ካረሙ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ እነዚያኑ ወረቀቶች እንደ ገና እንዲያርሙ ቢደረግ፣ ከ210ሩ ፍርድ በ92ቱ ላይ ያው አራሚ ቀድሞ ከሰጠው ፍርድ የተለየ ፍርድ ሰጠ፤ ወድቋል ያለውን አልፏል፣ አልፏል ያለውን ወድቋል እስከ ማለት ደረሰ። እንግዲህ ሰው ከባልንጀራው ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ራሱም ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ የልጆች የወደፊት ኑሮ የሚቈረጥበትን ነጥብ ለቅን ልቡና ብቻ አደራ ማለት አይበቃም።

ይህን መዛባት ለማቃናት በእንግሊዝ አገር የፈተና ድርጅቶች ዘንድ በጊዜ ብዛት የዳበረው ሥርዓት ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነ መስሎ ይታየኛል። በዚያ ሥርዓት ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ የተመደበው ነጥብ በሦስት ዓይነት ይከፈላል፤ በ«ኤም» ፊደል የሚታወቀው የዘዴ ነጥብ ሲሆን፣ ተማሪው ተገቢውን መንገድ ይዞ ከሠራ በስሌቱ ቢሳሳት እንኳ አይነፈገውም፤ በ«ኤ» የሚታወቀው የትክክለኛነት ነጥብ ነው፣ ይህም የዘዴውን ነጥብ ላላገኘ አይሰጥም፤ በ«ቢ» የሚታወቀው ደግሞ ከዘዴ ጋር ሳይያያዝ ለብቻው የቆመ ነው። በቃል ሲነገር ቀላል የሚመስለው ይህ ክፍፍል ምን ያህል ሕፃናትን ከግፍ እንደሚያድን የሚታየው ግን በሥራ ላይ ሲውል ነው።

አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ሬክታንግል ቅርጽ ያለው የአትክልት ቦታ ርዝመቱ ከወርዱ በ3 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ነው፤ ዙሪያው ስንት ነው? ለጥያቄው የተመደበው ነጥብ 6 ይሁን። ወርዱን ወ ያለች ተማሪ ወ(ወ + 3) = 40 ብላ ጽፋ፣ ቀጥላም ወ² + 3ወ − 40 = 0 ብላ አስተካክላ፣ እስከዚህ ድረስ እንከን የሌለበት ሥራ ከሠራች በኋላ፣ (ወ + 8)(ወ − 5) ማለት ሲገባት ምልክቶቹን አዛውራ (ወ − 8)(ወ + 5) ትላለች። ስለዚህ ወርዱ 5 መሆኑ ቀርቶ 8 ይሆንባታል፤ ርዝመቱን 11 ታደርጋለች፤ ሁለቱን ደምራ በሁለት አብዝታም 38 ሜትር ብላ ታሰምርበታለች። ትክክለኛው መልስ 26 ነው።

ይህ ወረቀት የመጨረሻውን መስመር ብቻ በሚያይ አራሚ እጅ ቢወድቅ ዜሮ ያገኛል። ከላይ ጀምሮ እያነበበ መጥቶ ስሕተቱ ላይ ሲደርስ ቀይ መስመር አስምሮ የቀረውን የማያነብ አራሚ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች 2 ይሰጣታል። የዘዴና የትክክለኛነት ነጥብ ለይቶ በተጻፈ መመሪያ የሚሠራው ሦስተኛው ግን፣ እኩልታውን ስላቆመች 1፣ ስላስተካከለች 1፣ ብዜታቸው 40 የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጋ በፋክተር ለመፍታት ስለ ሞከረች 1፣ ባገኘችው ወርድ ርዝመቱን አውጥታ ዙሪያውን በትክክለኛ መንገድ ስላሰላች 1፣ በጠቅላላው 4 ይሰጣታል፤ የምታጣውም የትክክለኛነቱን ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ዜሮ፣ ሁለት፣ አራት፤ ልጅቱ አንድ፣ ወረቀቱ አንድ፣ ሦስቱም አራሚዎች በቅንነት የሠሩ ናቸው። ፈተናው ዐሥር እንደዚህ ያሉ ጥያቄዎች ቢኖሩት ልዩነቱ ወዴት እንደሚደርስ አንባቢ ያስብ።

አራተኛውን ነጥብ፣ ማለት ስሕተቱን ተከትሎ ለመጣው ትክክለኛ ሥራ የሚሰጠውን፣ አንዳንድ ጥብቅ መምህራን እንደ ምጽዋት ሲቈጥሩት ይሰማል። ስሕተት የወለደው ሁሉ ስሕተት ነው ይላሉ። ዳሩ ግን ልጅቱ የዙሪያን ስሌት ታውቃለች ወይስ አታውቅም ተብሎ ቢጠየቅ፣ 8ን ከ11 ጋር ደምራ በሁለት ማብዛቷ እንደምታውቅ በግልጥ ይመሰክራል፤ ምልክት በማዛወሯ አንድ ጊዜ ተቀጥታለችና በዚያው በደል ሁለተኛ ጊዜ መቅጣት ከርትዕ የወጣ ነው። ይህን ስል ጥብቆቹን ፈጽሞ አልነቅፍም፤ 8ን በ11 አብዝታ ብትፈትሽ 88 ሆኖ ከ40 ጋር እንደማይስማማ ለማየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃት ነበርና፣ የመጨረሻው የትክክለኛነት ነጥብ ሊመለስላት አይገባም እላለሁ። በዚህ ላይ አራሚዎች ራሳቸው የሚከራከሩ ሲሆን፣ ያንኑም ነጥብ ጨምረው 5 የሚሰጡ አሉ።

ይኸው ቸርነት ድንበር አለው። ሌላ ተማሪ ወ(ወ + 3) ማለት ሲገባው 3ወ = 40 ብሎ ቢጽፍ፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ቢሰላ እንኳ የነጥብ ተካፋይ ሊሆን አይችልም፤ ስሕተቱ የጥያቄውን ክብደት አፍርሶ የአራተኛ ክፍል ማካፈል አድርጎታልና። በአንጻሩም 40ን ከጥያቄው ሲገለብጥ በችኮላ 54 ያደረገ ልጅ ቢኖር፣ ወ² + 3ወ − 54 = 0 ብሎ፣ 6ንና 9ን አግኝቶ 30 ላይ ሲደርስ ከባልንጀሮቹ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል፤ የችግሩ ዓይነትና ክብደት አልተለወጠምና የዘዴው ነጥብ ሁሉ ተጠብቆለት ጥቂት ብቻ ሊቀነስበት ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መምህሩ ባልጠበቀው መንገድ የመጣው ነው። ስኩዌር ያለበትን እኩልታ ትቶ፣ ብዜታቸው 40 የሚሆኑትን ጥንዶች 1ና 40፣ 2ና 20፣ 4ና 10፣ 5ና 8 ብሎ በተርታ የጻፈ፣ በመካከላቸው 3 ልዩነት ያለው የመጨረሻው ጥንድ መሆኑን አመልክቶ 26 ያለ ልጅ፣ በብዙ ክፍሎች «ያስተማርኩህ እንዲህ አይደለም» ተብሎ ነጥቡን ይቀማል። እኔ ይህን ግፍ እለዋለሁ። መምህሩ በእኩልታ እንዲፈታ ከፈለገ በጥያቄው ላይ መጻፍ ነበረበት፤ ካልጻፈ ግን እውነት በማናቸውም በር ብትገባ እውነት ናት፣ ልጁም 6ቱንም ነጥብ ሊያገኝ ይገባዋል። ምንም ሥራ ሳያሳይ 26 ብቻ የጻፈውን በተመለከተ፣ ጥያቄው ሥራህን አሳይ ካላለ በቀር የእንግሊዞቹ ልማድ ሙሉውን መስጠት ሲሆን፣ እኔም ከባልንጀራ የተገለበጠ መሆኑ ሳይረጋገጥ በጥርጣሬ መቅጣት አይገባም ባይ ነኝ።

መመሪያ መጻፉ የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው እኩሌታ ብዙ አራሚዎች አንዱን መመሪያ በአንድ ልብ እንዲያነቡት ማድረግ ነው። በእንግሊዝ አገር ዋናው ፈታኝ አራሚዎቹን ከእርማቱ አስቀድሞ በናሙና ወረቀቶች ያለማምዳል፤ አለመስማማትም በዚያ ይወጣል፣ ይፈታል። ዛሬ ወረቀቱ በኮምፒዩተር ተነሥቶ በጥያቄ በጥያቄ ስለሚከፋፈል፣ የአንዱ ተማሪ ሥራ በብዙ አራሚዎች እጅ ይደርሳል፤ አራሚውም የተማሪውን ስምና ትምህርት ቤቱን አያይም። በመካከልም አለቆቹ አስቀድመው ያረሟቸው ወረቀቶች ሳይታወቁ ይቀላቀሉበታል፤ የአራሚው ነጥብ ከእነርሱ ነጥብ ከተፈቀደው በላይ ከራቀ ሥራው ይቆማል፣ ያረመውም ይመረመራል። ይህ ሁሉ ሰውን አለማመን ሳይሆን፣ ሰው እንደሚደክምና እንደሚዘነጋ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

በሀገራችን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀምሮ፣ ከተፈተኑት ከመቶ 3.3 የሚሆኑት ብቻ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣታቸው በተነገረ ጊዜ፣ ሕዝቡ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃትና ስለ መጻሕፍት እጥረት አጥብቆ ሲነጋገር ነበር፤ ተገቢም ነው። ነጥቡ ራሱ የተማሪውን ምን ያህል ዕውቀት ሊያሳይ እንደሚችል ግን ብዙ አልተጠየቀም። የሒሳቡ ፈተና በምርጫ የሚመለስ ሲሆን፣ አድልዎ የሌለበት፣ ፈጣንና ለብዙ መቶ ሺህ ተፈታኝ የሚመች መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሙያውን የሚያውቅ ጥያቄ አውጪ ከአራቱ ምርጫዎች አንዱን 38 ማድረጉ አይቀርም፤ ምልክት ያዛወረችው ልጅ መልሷን እዚያ ተዘጋጅቶ ስታገኘው ደስ ብሏት ታጠቁራለች፣ ዜሮም ታገኛለች፤ ጥያቄውን ሳያነብ በግምት 26ን ያጠቆረው ደግሞ ሙሉውን ይወስዳል። ማሽኑ ለሁሉ እኩል ነው፤ እኩል መሆኑ ግን ርቱዕ ነው ማለት አይደለም፣ የልጅቱን ሦስት ትክክለኛ መስመሮች የሚያይበት ዐይን የለውምና።

ስለዚህ የዘዴ ነጥብ በሀገራችን የሚኖርበት ዋናው ስፍራ ክፍሉ ነው፤ መምህሩ ብቻውን፣ ያለ ዋና ፈታኝና ያለ ኮምፒዩተር፣ በምሽት የሚያርመው ክምር ወረቀት ነው። የተማሪው ብዛትና የመምህሩ ድካም የማይካድ ሆኖ ሳለ፣ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። መምህሩ ፈተናውን ሲያወጣ የእያንዳንዱን ጥያቄ ነጥብ በመስመር በመስመር ከፍሎ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ያንድ ልጅ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ከማረም ይልቅ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ይለፍ፣ በዚህም የጐበዙ ዝና የሁለተኛውን ጥያቄ ነጥብ እንዳያሳድግ፣ የሰነፉም ስም እንዳያኮስሰው ይጠበቃል፤ ስም የተጻፈበትንም ገጽ ገልብጦ ያርም። ጥቂት ወረቀቶችን ያንኑ ክፍል ከሚያስተምር ባልደረባው ጋር ተለዋውጦ ሳያማክር ቢያርምና ነጥቡን ቢያስተያይ ደግሞ፣ ራሱ የማያየው ዝንባሌው ወዲያው ይገለጥለታል። ወረቀቱ ለልጁ ሲመለስም መመሪያው አብሮ ሊነበብለት ይገባል። በቅኔ ቤት የኔታ ፊት ቆጥሮ የሚነግር ደቀ መዝሙር ቅኔው የት ላይ እንደ ተበላሸ በዚያው ቅጽበት ይነገረው እንደ ነበር ሁሉ፣ የሒሳብ ተማሪም 4 ከ6 የሚል ቁጥር ብቻ ተቀብሎ እንዲሄድ ሊደረግ አይገባም።

ለብሔራዊው ፈተናም ቢሆን የምርጫው ክፍል ሳይነሣ፣ ከጎኑ ሥራው ተጽፎ የሚታይበት ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ቢጨመር መልካም ነው እላለሁ። አይቻልም የሚሉኝ የተፈታኙን ብዛትና ወጪውን ይቈጥሩልኛል፤ ወጪው መኖሩ እውነት ነው፣ የአራሚዎቹም ሥልጠና ከአንድ ክረምት በላይ የሚጠይቅ ይሆናል። ይሁን እንጂ የሒሳብ መምህራን በየዞኑ ተሰብስበው አንዱን ወረቀት አብረው ያረሙበት፣ ስለ አንድ ነጥብ ግማሽ ቀን የተከራከሩበት ክረምት በፈተናው ብቻ አያበቃም፤ የተስማሙበትን መመሪያ ይዘው በመስከረም ወደየክፍላቸው ይመለሳሉና፣ ወጪው ሲሰላ ይህም አብሮ ይሰላ።